ከዱራሜ እስከ ማልታ፡ የሎዛ አበራ የመጀመሪያ ዓመታት

ውድ እኅቶቻችን፣ ስለ አገራችን ስፖርት ሲነሣ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው፡፡ የደራርቱ ቱሉንና የጥሩነሽ ዲባባን ስም የማያውቅ የለም፡፡ በዚህ እትማችን ግን በእግር ኳስ ውል ፈርማ፣ ከአገር ወጥታ፣ በጉልበቷና በችሎታዋ እንጀራዋን ስለበላች እኅታችን ስለ ሎዛ አበራ እንጽፋለን፡፡ የመረጥናት ስላስቆጠረቻቸው ግቦች ብቻ አይደለም፡፡ ከአገር የወጣችበት ቅደም ተከተል ለሁላችን፣ ይልቁንም አገር ቤት ታናሽ እኅት ላላችሁ ትምህርት ስላለው ነው፡፡

በአገር ቤት ያሳለፈቻቸው ዓመታት

ሎዛ እ.ኤ.አ. በ1997 በከምባታ፣ በዱራሜ ከተማ ተወለደች፡፡ ዱራሜ ከትልልቆቹ ክለቦች ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፡፡ ሎዛ ከዚያ ስትነሣ መጀመሪያ የሄደችው ባሕር ማዶ ሳይሆን ወደ ሐዋሳ ነው፡፡ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ለሐዋሳ ከተማ ክለብ ሁለት የውድድር ዘመን ተጫወተች፡፡ ከዚያም ወደ ደደቢት ተዛውራ በተከታታይ አራት ዓመት የክለቡ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነች፡፡ ለብሔራዊ ቡድናችን ለሉሲዎቹም ተሰለፈች፡፡

ሁለቱና አራቱ ዓመት ሲደመር ስድስት ነው፡፡ እነዚህን ዓመታት በአገሯ ሜዳ፣ በአገሯ ቋንቋ፣ ወገን በአጠገቧ ሳለ ሙያዋን ተማረችባቸው፡፡ የውጭ ክለብ ሲፈልጋት የምታሳየው ሥራ በእጇ ነበር፡፡

ዕድሜ ለምን ይጠየቃል?

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል፡፡ ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፡፡ በደላሎች ተስፋ ተታልለው ወደ አውሮፓ ከተወሰዱ በኋላ ክለብ ሲያጡ ሜዳ ላይ የተጣሉ የአፍሪካ ልጆች ብዙ ነበሩ፡፡ የአገራችንም ሕግ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት እንዲሞላው ያዛል፡፡

እኅቶቻችን፣ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፡፡ በፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜ የራሷ ያልሆነ ልጅ በመካከላችን አለች፡፡ ችግር ሲደርስባት የልጅነቷን ሕግ እንዳትጠራ ወረቀቱ ይመሰክርባታል፡፡ ስሟም ተለውጦ ከሆነ ቤተ ሰቧ የት ብለው ይፈልጓት?

የጳውሎስ ደሴት

ሎዛ በስዊድን ኩንግስባካ ለተባለ ክለብ ከተጫወተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ክለብ ፈረመች፡፡ ዕድሜዋ ያን ጊዜ ከሃያ አልፏል፡፡

ማልታ በመጽሐፍ ቅዱሳችን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 መላጥያ ተብላ የተጠቀሰችው ደሴት ናት፡፡ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በዚያ ሲወጣ፣ የማያውቁት ሰዎች ስለ ብርዱና ስለ ዝናቡ እሳት አንድደው ተቀበሉት፡፡ አገሪቱ በሙሉ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ታንሳለች፡፡ ቋንቋቸው ከዓረብኛ የወጣ ነው፤ ክርስቲያኖች ሲሆኑ እግዚአብሔርን «አላ»፣ ዐቢይ ጾምንም «ራንዳን» ይላሉ፡፡ በሪያድ ዓረብኛ የለመደች እኅት ማልታ ብትሄድ ብዙ ቃል ጆሮዋ አይስተውም፡፡

ሎዛ በዚያ ግብ ማስቆጠሯን ቀጠለች፡፡ ነገር ግን በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ሊጉ ተቋረጠ፤ ቢርኪርካራም ሻምፒዮን ተባለ፡፡ በዚያ ዓመት ከየአረብ አገሩ በድንገት እንደተመለሱት ብዙ እኅቶቻችን ሎዛም ወደ አገሯ ገባች፡፡ ሙያዋ ግን አብሯት ስለተመለሰ ሥራ አላጣችም፤ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጫወተች፡፡ ክለቡም በ2021 በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሴቶች ክለቦች ማጣሪያ እስከ ፍጻሜ ደረሰ፡፡ በ2020 ቢቢሲ ከመረጣቸው 100 ሴቶች አንዷ ሆነች፡፡ በ2024 ደግሞ በአሜሪካ ዋና ከተማ ለሚገኘው ዲሲ ፓወር ክለብ ፈረመች፡፡

በሪያድም

በምንኖርባት አገር ሴቶች ስታዲየም ገብተው ኳስ እንዲያዩ የተፈቀደው በጥር 2018 ነው፡፡ የሳዑዲ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን በየካቲት 2022 አድርጎ ሲሸልስን 2 ለ 0 አሸነፈ፡፡ የመጀመሪያውን የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በ2023 የወሰደውም የሪያዱ አል ናስር ነው፡፡ የምታሳድጓት ሕፃን ኳስ ስታንከባልል ብታዩ አትገረሙ፡፡ ስለ ሎዛም ንገሯት፡፡

ለታናሽ እኅት ምን እንበላት?

አገር ቤት ያለችው ታናሽ እኅታችሁ ደውላ «እኔም ልምጣ» ስትል፣ ዝም ብሎ «አትምጪ» ማለት አይበቃም፤ እናንተ መጥታችኋልና አትሰማችሁም፡፡ ይልቅ ቅደም ተከተሉን ንገሯት፡፡ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ልብስ ስፌትም ይሁን ምግብ ዝግጅት አንድ ሙያ በእጇ ትያዝ፤ ዕድሜዋ ይድረስ፤ ስሟና ዕድሜዋ የራሷ ይሁን፤ ውሉን ሳታነብ አትፈርም፡፡ ለደላላ የምትልኩት ገንዘብ ካለ ለትምህርቷ ይሁን፡፡

እናንተም ብትሆኑ ጊዜው አላለፈባችሁም፡፡ እዚህ የተማራችሁት ቋንቋ፣ የሕፃናትና የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የቤት አያያዝ ሙያ ነው፤ ስትመለሱ አብሯችሁ ይመለሳል፡፡ ጳውሎስን ከማዕበል ያወጣ አምላክ እናንተንም በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡