13 ወር ፀሐይ ወይስ 13 ወር ጸጋ?

ኢትዮጵያ «የ13 ወር ጸጋ» አገር መባል የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። ስሙን ያወጡላት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅትን ያቋቋሙትና «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» እየተባሉ የሚታወቁት እኚህ ሰው ለውጭ ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት መፈክር በቀጥታ ሲመለስ «የ13 ወር ፀሐይ» ይላል። ያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቅ የውጭ ሰው ጥቂት ነበር። መፈክሩ በጥቂት ቃላት ሁለት ነገር ነገረው፤ አገሪቱ የራሷ የዘመን አቆጣጠር እንዳላትና ከቤቱ ብርድና በረዶ ሸሽቶ ቢመጣ ፀሐይ እንደማያጣ።

አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን ናት። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል 30 ቀን ሲይዙ ከዓመቱ የሚተርፉት 5 ቀናት ለእሷ ይሰጣሉ፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ይሆናሉ። ስሟ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ተጨማሪ» ማለት ነው። አከፋፈሉ ከጥንታዊት ግብፅ የተወረሰ ነው፤ የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ትጠቀምበታለች። በኢትዮጵያ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልፎ የመንግሥት፣ የገበያና የእርሻ መቁጠሪያ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ ያለ ሙስሊም ገበሬ ረመዳንና ዒድን በሂጅራ ቢቆጥርም፣ የሚዘራውና የሚያጭደው በሚያዝያና በኅዳር ነው። የወር ደመወዝተኛ ደግሞ ጳጉሜንን በሌላ በኩል ያውቃታል፤ ለብቻዋ የሚከፈልባት ደመወዝ የለም።

ስለ ፀሐይ የተባለውም መሠረት አለው። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን፣ በ3ኛውና በ15ኛው ዲግሪ መካከል ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ክረምት ከበጋ ብዙ አይለያይም፤ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ መቁጠር የተቻለውም ለዚህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ቢከብድም በብዙ ቦታ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ስለሚያይል ማለዳ ላይ ብርሃን አይጠፋም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ስሙ ወደ አማርኛ ሲገባ የሆነው ነገር ነው። «ፀሐይ» ቀርቶ «ጸጋ» ተባለ። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ሁለቱን ድምፀ አንድ ፊደላት «ጸሎቱ ጸ» እና «ፀሐዩ ፀ» ብለው ይለያሉ። «ፀሐይ» በፀሐዩ ፀ ይጀምራል፤ ጸጋ ግን በግዕዙ ሥርዓት የጸሎቱ ጸ ነው። አንዱ ከሰማይ የሚታየውን ብርሃን ብቻ ይጠራል። ሌላው በነጻ የተሰጠ በረከትን ሁሉ ይይዛል፤ ዝናብም፣ ቡቃያም፣ እሸትም በውስጡ አለ።

ይህ ልዩነት ከጎብኚው ይልቅ ለገበሬው ትልቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል ያለችው የሐብሩዋ ውርጌሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በምዕራቧ ደጋው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምሥራቅ አገሩ ቆላ እየሆነ ወደ አፋር ይወርዳል። በዚህ አገር ፀሐይ ተርፋ እንጂ ጎድላ አታውቅም። ገበሬው ዓይኑን የሚጥለው በደመናው ላይ ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በደንብ ከጣለ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው፣ ምርቱ ብዙ፣ አገዳው ለከብት የሚተርፍ ማሽላ ይዘራል። በልጉ ከቀረ ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ መዝራት ግድ ይሆናል። በዚያው በሐብሩ የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ፈጥነው የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው። የመርሳ ብርቱካንና ፓፓያም ያለ መስኖ ውኃ በፀሐይ ብቻ አያፈራም። መፈክሩ በውጭ አገር ሲለጠፍ በነበረበት ዘመን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ወሎ በድርቅ ምክንያት በርካታ ልጆቿን በረሃብ አጥታለች። ለዚያ ትውልድ ዝናብ ያልተከተላት ፀሐይ መዓት እንጂ ማስታወቂያ አልነበረችም።

ጳጉሜን ራሷም በሕዝቡ ዘንድ የምትወደደው በፀሐይዋ አይደለም። ጳጉሜን 3፣ በቅዱስ ሩፋኤል ቀን የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ልጆች እየሮጡ ወጥተው ይታጠቡበታል። አሥራ ሦስተኛው ወር ከጸጋ ጋር በሕዝብ ልብ የተያያዘው በዚህ ውኃ ጭምር ነው።

በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት የአገሪቱን መለያ ወደ «ምድረ ቀደምት» ለወጠው። አዲሱ ስም ሉሲን፣ ቡናንና ዓባይን ለመሰሉ መነሻዎች የቆመ ነው፤ ተገቢ ነው፣ ስፋትም አለው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለውጡን በሕይወት አይተው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። አሮጌው ስም ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ብዙ ጊዜም በፀሐዩ ፀ ተጽፎ ይታያል። የሚጽፈው ሁሉ በጸሎቱ ጸ ይጻፈው፤ የውርጌሳ ገበሬ ከሰማይ የሚለምነው ጸጋ በዚያ ፊደል የሚጻፈው ነው።