ኢትዮጵያዊ ያልነበረበት «የኢትዮጵያ ሬጅመንት»

የአሜሪካ አብዮት ሲነሣ አሥራ ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች ልባቸው አንድ አልነበረም። ከንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ጎን የቆመው ሕዝብ ቀላል አይደለም፤ የታሪክ ሰዎች ከነጮቹ ነዋሪዎች ከአምስቱ አንዱን ያህል ይገምቱታል። እነዚህ ናቸው ሎያሊስቶች። ጠላቶቻቸው «ቶሪ» ይሏቸው ነበር፤ የእኛ ሰው ታሪካቸውን ሲሰማ ደግሞ አፉ ላይ የሚቀድመው «ባንዳ» ነው። ነገሩ ቤተሰብ ሳይቀር ከፍሏል። የታላቁ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ዊሊያም የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ነበር፤ ለንጉሡ በመታመኑ አባትና ልጅ እንደተቀያየሙ ቀሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ካናዳ ተሰደዱ፤ ኒው ብረንስዊክ የተባለው ግዛት በ1784 የተቋቋመው በእነሱ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ አባቶቻችን በአሜሪካ አብዮት መዋጋታቸውን ያውቃሉ? የኢትዮጵያ ሬጅመንት ነበር እኮ!» አለኝ። ስሙ እውነት ነው። ስሙ ብቻ።

የቨርጂኒያው አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከመናገሻው ሸሽቶ መርከብ ላይ ሳለ፣ በኖቬምበር 1775 አንድ አዋጅ አወጣ፤ ከዐመፀኞቹ ጌቶቹ አምልጦ ለንጉሡ ጠመንጃ የሚያነሣ ባሪያ ነፃ ነው አለ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት በጀልባ እየቀዘፉ መጡለት። ያሰለፋቸውን ጦር «የኢትዮጵያ ሬጅመንት» አለው። ልብሳቸው ላይ «ነፃነት ለባሮች» የሚል ጽሑፍ ነበረበት ይባላል። ደንሞርን ጻድቅ አታድርጉት፤ ራሱም ባሪያ ነበረው፣ የራሱንም ነፃ አላወጣም። ወታደሮቹ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግሬት ብሪጅ ላይ ተሸነፉ። ከጥይቱ ይልቅ የፈጃቸው ፈንጣጣ ነበር፤ ሬጅመንቱም በ1776 ፈረሰ።

ታዲያ «ኢትዮጵያ» ከየት መጣች? በዘመኑ እንግሊዝኛ ኢትዮጵያዊ ማለት ጥቁር ሰው ማለት ነበር፤ ከየትም ይምጣ። ቃሉን ያገኙት ከግሪኮች ነው፣ «ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ» እንደማለት። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት በስም ነግሠው መሳፍንቱ ይተራመሱ ነበር፤ ወደ ቨርጂኒያ የዘመተ የለም። ዘማቾቹ የምዕራብ አፍሪካ ልጆችና እዚያው በባርነት የተወለዱ ናቸው። የነሱን ጀግንነት ለራሳችን ፉከራ ስንነጥቅ ሰዎቹን ሁለተኛ ጊዜ ስማቸውን እናሳጣቸዋለን።

ከባርነት አምልጠው ወደ እንግሊዞቹ የገቡት ጥቁሮች ስማቸው ደግሞ ተጽፎ አለ! በ1783 እንግሊዞች ኒው ዮርክን ለቅቀው ሲወጡ ጆርጅ ዋሽንግተን «ንብረታችንን መልሱ» አለ። የእንግሊዙ ጄኔራል ካርልተን ግን ነፃነት ተብሎ ቃል የተገባለትን ሰው አልመልስም አለ፤ ይልቁን የተሳፋሪዎቹን ስም፣ ዕድሜና የቀድሞ ጌታ አስመዘገበ። በመዝገቡ ወደ 3,000 ሰው አለ። አንዱ ሃሪ ዋሽንግተን ነው፤ የ43 ዓመት ሰው፣ ከራሱ ከዋሽንግተን ርስት ከማውንት ቨርነን ያመለጠ። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥታችሁ ያንን ቤት ስትጎበኙ ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ስለ ሃሪ ጠይቁ።

ብዙዎቹ የተጫኑት ዛሬ ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ኖቫ ስኮሺያ ነው፤ እዚያ የጠበቃቸው ብርድና ጭንጫ መሬት ነበር፤ እሱንም ያገኘው ጥቂቱ ነው። በ1784 ሼልበርን ውስጥ ሥራ የፈቱ ነጭ ወታደሮች ተነሥተው የጥቁሮቹን ቤት አፈረሱ። በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት በ15 መርከቦች ወደ ሴራሊዮን ተሻግረው ፍሪታውንን መሠረቱ። ሃሪም አብሮ ሄደ። እዚያ ያስተዳድራቸው የነበረው የእንግሊዝ ኩባንያ የመሬት ግብር ክፈሉ ሲላቸው በ1800 ዐመፁ። «ለዘውዱ ታማኝ» የተባለው ሃሪም ከዐመፀኞቹ ጋር ተይዞ ተፈረደበት፤ ከፍሪታውንም ተጋዘ።