የተበላሸ ካሜራ፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ዕድሜ አለው። ሰዓት ይቆማል፤ የራዲዮ ድምፅ ይጠፋል፤ የካሜራም ዓይን ይጨልማል። ይህ በሆነ ጊዜ ባለቤቱ በሁለት አሳብ መካከል ይቆማል፤ ይኸውም «ላስጠግነው ወይስ በሌላ ልለውጠው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያለ ምርመራ የተሰጠ መልስ ብዙ ገንዘብ የሚያባክን መሆኑን በዚህ ዓመት በራሴ ላይ ደርሶ ስለ ተማርሁ፥ የደረስንበትን ሁሉ ለትምህርት ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በዚህ መጽሔት ለመግለጽ ወደድሁ። ለወላጆቻችን የምገልጽበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ገንዘቡ የእነርሱ ነውና።

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ማኅበር ያለው ካሜራ አንድ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ዲጂታል ካሜራ ነው። በዚህ መጽሔት የሚታተሙትን ፎቶግራፎች፥ የስፖርት ውድድሩንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን የመሰነባበቻ ፎቶግራፍ የሚያነሣልን እርሱ ነው። በሚያዝያ ወር በተደረገው የስፖርት ቀን ሯጮቹ ወደ መጨረሻው መስመር ሲደርሱ አነሣሁ። በኋላ ብመለከተው ግን እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ወጥቶአል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሊነሡ የቀራቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

እኔ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በእጃችን ከተማሪዎችና ከወላጆች የተዋጣ 26,000 ብር ነበረ። እውነቱን ለመናገር፥ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ይህ አርጅቶአል፤ የጎደለውን ገንዘብ እንደ ገና አዋጥተን አዲስ እንግዛ» ብዬ አጥብቄ የተከራከርሁ እኔው ነበርሁ። የማኅበሩ ኀላፊ የሆኑት መምህራችን ግን «የታመመው የትኛው ብልቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። «እንግዲያውስ በሽታው ሳይታወቅ መቃብር አይቆፈርም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መመርመር ጀመርን።

በሽታውን ለማወቅ የካሜራን ብልቶች ማወቅ ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ በአገራችን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱም በኋላ ልጆቹ በዚሁ ሙያ ስመ ጥር ነበሩ። የዚያ ዘመን ካሜራ ሌንስና ብርሃን የሚቀበል መስተዋት ያለበት ሣጥን ስለ ነበረ፥ እጀ ብልህ የሆነ ሰው ፈትቶ ሊያበጀው ይችል ነበር። ዲጂታል ካሜራ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በኮዳክ ኩባንያ የሠራው ስቲቨን ሳሶን የተባለ መሐንዲስ ነው። መሣሪያው 3 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ለመቅዳትም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ሥዕሉ የተሠራው ከ10,000 ነጥቦች ብቻ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ ካሜራ 18 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት።

የእኛን ካሜራ የመሰለው መሣሪያ አራት ዋና ዋና ብልቶች አሉት። አንደኛው ብርሃንን የሚሰበስበው ሌንስ ነው። ሁለተኛው እንደ መጋረጃ የሚከፈተውና የሚዘጋው ሻተር ነው። ሦስተኛው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሴንሰር ነው። አራተኛው ይህን ኤሌክትሪክ አስልቶ ወደ ሥዕል የሚለውጠው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ከእነዚህ መካከል ሌንስና ሻተር የሚንቀሳቀሱ ስለ ሆኑ ያረጃሉ፤ ሊለወጡም ይችላሉ። ሴንሰርና ሰሌዳ ግን የካሜራው ልብና አንጎል ስለ ሆኑ፥ እነርሱን መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የካሜራውን ዋጋ ያህል ያስወጣል። ስለዚህ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ «የተበላሸው ብልት የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ነው።

ምርመራችንን ምንም ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀመርን። ባትሪውን ሞልተን በሌላ ለወጥን፤ ሚሞሪ ካርዱን ለወጥን፤ ሌንሱን አውጥተን ከአንድ ተማሪ ወላጅ የተዋስነውን ሌንስ ገጠምን። ጥቁሩ አልጠፋም። ስለዚህ በሽታው ከካሜራው አካል ውስጥ ነው ማለት ነው። ቀጥለን በካሜራው የጀርባ መስኮት ብንመለከት የምናየው ሥዕል ጥርት ያለ ነበር። ሴንሰሩ ቢሞት ኖሮ ይህ ሊታይ አይችልም። በመጨረሻ አንድን ግድግዳ በልዩ ልዩ ፍጥነት አነሣን። በሴኮንድ አንድ ስድሳኛ የተነሣው ፎቶግራፍ ሙሉ ነበር፤ በአንድ ሁለት መቶ ኀምሳኛ የተነሣው ከላዩ ጥቁር መስመር ወጣበት፤ በአንድ ሺህኛ የተነሣው ግን ግማሹ ጨለመ።

የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሻተር ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ይከፍታል፤ ሁለተኛው ተከትሎት ይዘጋል። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ሲሆን የመጀመሪያው ጨርሶ ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛው ይነሣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ሁለተኛው ወዲያው ስለሚከተል በመካከላቸው የሚቀረው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው፤ ብርሃኑም በዚያ ክፍተት እየተጓዘ ሴንሰሩን ይዳስሳል። አንደኛው መጋረጃ ጥቂት ቢዘገይ ሌላው ይደርስበትና ክፍተቱ ይዘጋል፤ ያልበራውም ክፍል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሯጮቹን ያነሣሁት በከፍተኛ ፍጥነት ስለ ነበረ ጥፋቱ በእነርሱ ላይ ታየ።

ይህን ይዘን ጠጋኝ ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያ የተላክነው ወደ ፒያሳ ነበር፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በዚያ ሰፈር ብዙ ቤት ስለ ፈረሰ የተነገረን ሱቅ ቦታውን ለቆ አገኘነው። ቀጥሎ ያገኘነው ባለ ሙያ ካሜራውን ሳይከፍት «ሰሌዳው ተቃጥሎአል፤ 30,000 ብር ያስፈልጋል» አለን። የራሳችንን ምርመራ ባናደርግ ኖሮ አምነነው፥ ካሜራውን ጥለነው በተመለስን ነበር። እኛ ግን ሰሌዳው ቢቃጠል በዝግታ የተነሣው ፎቶግራፍ ሙሉ ሆኖ እንደማይወጣ ስላወቅን አመስግነን ወጣን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ መርካቶ አቅጣጫ አንድ ሸምገል ያሉ ጠጋኝ አገኘን። ሌንሱን አውጥተው፥ መስተዋቱን ከፍ አድርገው በማጉያ መነጽር ተመለከቱ። ከዚያም «ልጆቼ፥ ይህ መጋረጃ በዕድሜ ብቻ አልተበላሸም፤ የሰው ጣት ነክቶታል፤ ጫፉም ተጣሞአል። ማን ነው የነካው?» አሉ። በጥር ወር አቧራ የገባ መስሎኝ መስተዋቱን አንሥቼ በጨርቅ የጠረግሁት እኔ ነበርሁ። ለማንም አልተናገርሁም ነበር። «እኔ ነኝ ጋሼ» አልሁ። ጓደኞቼ ዝም አሉ። አዛውንቱ ግን «የተናገርህ እንደ ሆነ በሽታው ቶሎ ይገኛል» ብለው ሻተሩን ለመለወጥ ከነመለዋወጫው 12,000 ብር ጠየቁ። የሦስት ወር ዋስትናም እንደሚሰጡ ነገሩን።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሒሳብ ነው። ዋጋ የሚነጻጸረው ከአዲስ ካሜራ ጋር ሳይሆን፥ ከእርሱ ጋር እኩል ከሆነ ያገለገለ ካሜራ ጋር ነው። የእኛን የመሰለ ያገለገለ ካሜራ ያለ ሌንስ 40,000 ብር፥ አዲሱ ደግሞ ከ100,000 ብር በላይ ተጠራ። ዋጋው እንዲህ የናረበት አንዱ ምክንያት የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በውጭ አገር «ጣለውና ሌላ ግዛ» የሚለው ምክር ለእኛ ገበያ የማይስማማው ስለዚህ ነው።

ብዙ ባለ ሙያዎች የሚከተሉት ልማድ፥ የጥገናው ዋጋ እኩያው ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ የሚበልጥ ከሆነ መለወጥ ይሻላል የሚል ነው። የ40,000 ግማሽ 20,000 ነው፤ 12,000 ከዚያ ያንሳል። ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም። የቀረው ዕድሜም መታሰብ አለበት። የዚህ ዓይነት ካሜራ ሻተር ብዙውን ጊዜ 100,000 ያህል ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኛው 112,000 ጊዜ ተነሥቶበታል። በአዲስ ሻተር ይህ ዕድሜ ይታደሳል፤ ሌላው ብልት ግን እንዳረጀ ይቀራል። በአንጻሩ ያገለገለ ካሜራ ገዝተን ቢሆን ኖሮ የማናውቀውን በሽታ መግዛት ይሆንብን ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አዲሱ ብዙ ሜጋፒክስል አለው» አሉ። ይህንም በሒሳብ አየነው። የእኛ ካሜራ ሥዕል 5,184 በ3,456 ነጥብ ነው። ለጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይበቃል። ሲካፈል 44 በ29 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከመጽሔታችን ገጽ ይበልጣል። ሌሎች ደግሞ «ስልክ ይበቃል» አሉ። በቀን ብርሃን በቅርብ ለሚነሣ ነገር እውነት ነው። በአዳራሽ ደብዛዛ ብርሃንና በሩቅ ለሚሮጥ ሰው ግን ሰፊ ሴንሰርና ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል።

ይህን ስል ሁልጊዜ መጠገን ይሻላል ማለቴ አይደለም። ውኃ ሰሌዳውን ዘልቆ ያበላሸው፥ ሴንሰሩ የተሰነጠቀ፥ ወይም ሌንሱ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሠራ ትንሽ የኪስ ካሜራ ቢሆን፥ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። መለዋወጫም ላይገኝ ይችላል። በዓለም ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ ሲቀርቡ፥ በ2020 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በታች ሆነዋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ስልክ ዞሮአልና። ካሲዮ በ2018 ዓ.ም. የኪስ ካሜራ መሥራት ተወ፤ ኦሊምፐስም በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ የካሜራ ሥራውን ለሌላ አስተላለፈ። ሌንሱ የሚወጣለት ካሜራ ሲሞት ግን ሌንሱ አብሮት አይሞትምና፥ በዚያው ሌንስ የሚሠራ አካል ብቻ መግዛት ይቻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፥ ፍላሽ ያለውን ካሜራ በቤታችሁ አትፍቱ። የፍላሹ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ያህል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛ፥ የሞተ ካሜራንና ያበጠ ባትሪን በቆሻሻ ገንዳ ወይም በእሳት ውስጥ አትጣሉ። በዓለም ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቶአል፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ሩቡን አያህልም። አገራችንም ስለዚህ ጉዳይ በ2010 ዓ.ም. ደንብ አውጥታለች። የሞተ ካሜራ ለጠጋኝ ቢሰጥ ብልቱ ለሌላው መድኃኒት ይሆናል።

ማኅበራችን በድምፅ ብልጫ ጥገናውን መረጠ። እኔም በዚያ ድምፅ ከመጀመሪያው አሳቤ ተመልሼ እጄን አነሣሁ። ደግሞም አንድ ወሰን አበጀን፤ ካሜራው በሌላ ብልቱ እንደ ገና ቢታመም፥ «12,000 አውጥተንበታልና» ብለን ሌላ ገንዘብ አንጨምርበትም። የወጣው ወጥቶአል፤ አዲሱ ውሳኔ በአዲስ ሒሳብ ይታያል። ከቀረው 14,000 ብር እርጥበት የሚመጥ ከረጢትና የአቧራ መንፊያ ገዛን፤ የተረፈው በማኅበሩ መዝገብ ላይ አለ፤ ማንም ወላጅ መጥቶ ሊያየው ይችላል።

ካሜራው ተጠግኖ የተመለሰው ከመሰነባበቻው ቀን አራት ቀን አስቀድሞ ነው። በዚህ መጽሔት የምታዩአቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የተነሡት በእርሱ ነው። በስፖርት ቀን የጨለመው የሯጮቹ ፎቶግራፍ ግን አልተመለሰም፤ እርሱን የሚጠግን ባለ ሙያ የለም። ስለዚህ የማኅበራችን አባሎች ሌንስ በነፋስ መካከል እንዳትለውጡ፥ መጋረጃውንም በጣታችሁ እንዳትነኩ፥ የነካችሁ እንደ ሆነም ዛሬውኑ እንድትናገሩ አደራ እላለሁ። የሰፈራችን ስም ነፋስ ስልክ ነውና አቧራው አይጎድልም። ገንዘቡን ያዋጣችሁ ሁሉ፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው በየጥቂቱ ያመጣችሁት እነሆ በዚህ ገጽ ላይ ይታያል።