ላንድሮቨርም ትዝጋለች

መሐል ሜዳ ያሉት አጎቴ ገበያተኛ የሚያመላልሱባት አሮጌ ላንድሮቨር አለቻቸው። «ላንድሮቨር አትዝግም» ሲባል እንሰማለን፤ ግማሹ እውነት ነው። የውጭ አካሏ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ሰውና ዕቃውን የሚሸከመው ሻሲ ግን ብረት ነው። በዚያ ላይ የመንዝ ጉም! ብረት ውሃና አየር ካገኘ ይበላል።

ዝገቱ ገና ከላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ጭቃው ታጥቦ ይደርቃል፤ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ በቲነር ተወልውሎ በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀለም ይቀባል። አጎቴ የሚቀቡት ጠዋት በጉም ነው። ይሄ እኮ እርጥበቱን ከቀለሙ ሥር ማሸግ ነው፤ ፀሐይ እስክትበረታ ቢጠብቁ ምናለ? ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍማ ጭራሽ መደበቅ ነው። በመዶሻ ሲነካ የሚበሳ ሻሲን ግን ቀለም አያድነውም፤ የተበላው ተቆርጦ ይበየዳል።