ዱሩን የሚያውቁ ክብሪት ይገዛሉ

በአስጎብኚነት ሥራዬ እንግዶች ይዤ ከሐረር ወደ ኤረር ሸለቆና ወደ ባቢሌ እወርዳለሁ። ድሮ የሚበዙት በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ዝሆን ለማየት የሚመጡ ነበሩ። አሁን አሁን ሌላ ነገር የሚሹ ወጣቶች ይመጡብኛል። «ጋሼ፣ የቤት ኪራይ አስመርሮኛል። እሳት ማንደዱን፣ ውሃ ማግኘቱን፣ መጠለያ መሥራቱን ያስተምሩኝና ዱር ገብቼ ልኑር» ይሉኛል።

ጥያቄውን አክብሬ ነው የምሰማው። ደሞዙን ለአከራይ አስረክቦ ወር ሳይሞላ የሚበደር ሰው፣ ለመኖር የግድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ትምህርቱን የምጀምረው ግን ከሸዋ በር ገበያ ነው።

ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ነው። በአሚሮቹ ዘመን ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር፤ ቀን ቀን ግን ከተማውም ባላገሩም ያለዚህ በር አይኖሩም ነበር። ዛሬም በበሩ ዙሪያ ከገጠር የመጡ እናቶች ማገዶና ወተት፣ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ የዱር ፍሬ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ወጣቶቹን የምላቸው እናቶቹ ይዘው የመጡትን ትታችሁ፣ ማታ ይዘው የሚመለሱትን እዩ ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጀሪካን፣ ክብሪት። ዱሩን ከማናችንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ክብሪት ይገዛሉ። እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣት ጥሩ እውቀት ነው፤ ግን እጅ ይልጣል፣ እንጨቱ ከረጠበም እሺ አይልም።

ከዚያ ወደ ቆላው እንወርዳለን። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ያታልላል፤ ኤረር ሸለቆ ግን ሙቀትም ወባም አለ፣ አጎበር የሌለውን ሰው ይዤ አልወርድም። የሸለቆው ወንዝ አሸዋ ላዩ ደርቆ ሳለ ከሥሩ ውሃ ይኖራል። አርብቶ አደሩ አሸዋውን ቆፍሮ ጠርዙ እንዳይናድ ይደግፍና ውሃው ቀስ እያለ እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ዝሆኖችም በእግራቸውና በኩምቢያቸው እንዲሁ ይቆፍራሉ። የተገኘውን ውሃ በጨርቅ አጥልሎ ማፍላት ግድ ነው፤ በዚያው አሸዋ ላይ ከብትም አውሬም ያልፋል።

ስለ ዕፅዋት ሳስተምር ፍርሃት ቀድሞ ቢያዝ እመርጣለሁ። ቁርቁራ፣ አጋም፣ እንኮይ ይበላሉ፤ ሁመር ጥም ይቆርጣል። በዚሁ አገር ግን መረንዝ ይበቅላል፤ ከእሱ የሚወጣው መርዝ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስት ጫፍ ላይ ሲቀባ የኖረ፣ ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። ያገኘውን ቅርንጫፍ ሰብሮ ሥጋ ሰክቶ የሚጠብስ ሰው ዱር ለመኖር አልደረሰም። የቁልቋልም ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ይህን መለየት በመጽሐፍ ሥዕል አይቻልም፤ ከልጅነት ጀምሮ ከብት እያገዱ፣ ከታላላቆች አፍ እየሰሙ የሚያዝ ነው።

ወጣቶቹን ይበልጥ የሚያስደንቃቸው አቃል የሚባለው የሶማሌ አርብቶ አደሮች ቤት ነው። የተቆለመመ የግራር ሥር፣ በላዩ የተሸመነ ሰሌን። የምትተክለውም የምትነቅለውም ሴቷ ናት፤ ግመል ላይ ተጭኖ ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ይሄዳል። ቤቱ ቀላል ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰሌኑን ግን እናት፣ ልጅና ጎረቤት ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሸምነውታል። ብቻውን ዱር የገባ ሰው ይህን ቤት መሥራት ይቅርና ማቆምም ይከብደዋል።

በአገራችን ዱር ቤቴ ያሉ ሰዎችን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የማገኘውም ይኸንኑ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የተዋጉት አርበኞች ስንቅ የሚያቀብል ገበሬና የውስጥ አርበኛ ነበራቸው፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ሆነው መድኃኒት፣ መሣሪያና መረጃ ይልኩላቸው ነበር። በዋልድባ እህል የማይቀምሱት መነኮሳት ቋርፍ የሚባለውን ምግባቸውን የሚመገቡት በማኅበር ሥርዓት፣ ሥራ ተከፋፍለው ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1845 ዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ሲሠራ፣ መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፤ ወደ ኮንኮርድ ከተማም እየተመላለሰ ቤተሰቡን ይጠይቅ ነበር።

ወጣቶቹ ሊሰሙት የማይወዱት ሌላ ነገር አለ። ባዶ የሚመስላቸው ዱር ባለቤት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርብቶ አደሩም ለግጦሽ በነፃ የመጠቀምና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ ከመጻፉም በፊት እያንዳንዱ የውሃ ጉድጓድ የማን እንደሆነ፣ በድርቅ ጊዜ ማን ቀድሞ እንደሚያጠጣ የታወቀ ነበር። የባቢሌ መጠለያ ደግሞ በእርሻና በሰፈራ እየተገፋ ነው፤ ዝሆኖቹ የሚጠጉበት እየጠበባቸው ነው። አንድ ጎጆና አንድ እሳት ምን ይጎዳል የሚለውን ክርክር አልቀበልም። እዚያ ያየኋቸው እርሻዎችም የተጀመሩት በአንድ ጎጆ ነው።

ስለዚህ ፍላጎታቸው የጸናውን በጥቅምትና በኅዳር፣ ዝናቡ አልፎ የአሸዋው ውሃ ገና ሳይርቅ፣ ከመጠለያው ክልል ውጭ ከሚኖር ቤተሰብ ጋር አገናኛቸዋለሁ። ፈቃዱን አስቀድሜ ከሽማግሌዎቹ እጠይቃለሁ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን እንሄዳለን። እንግዳው ፍየል ይጠብቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ለብቻዬ ልውጣ የሚል ቢኖር፣ የሚወስኑት ያስተናገዱት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ አልበቃም ካሉ እኔ መንገድ አላሳይም።