ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው ይብሰል

ቲክቶክ ላይ አይታችሁታል። መስታወቱ ባዶ ነው። እጅ ይገባና አፈር ያፈሳል፣ አሸዋ ያለብሳል፣ ድንጋይ ይደረድራል፣ ተክል ይተክላል። ውሃ ይሞላል። አርባኛው ሰከንድ ላይ ብርቱካናማ ዓሣዎች አረንጓዴ ጫካ መሀል ይዋኛሉ። ሙዚቃ፣ ላይክ፣ አለቀ።

ቪዲዮው አይዋሽም፤ ግን ዋናውን ነገር ቆርጦ አውጥቶታል። ውሃው በተሞላበትና ዓሣው በገባበት ሰከንድ መካከል ያለው ጊዜ በእውነተኛው ዓለም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። እነዚህን ሳምንታት የሚዘል ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዓሣ ሳይሆን ለቀብር ነው።

ጎረቤቴ የደረሰበት ይኸው ነው። አንድ ሱቅ መስታወቱን፣ ፊልተሩንና ስምንት ጉፒዎችን በአንድ ቀን ሸጠለት። የሰጡት ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «ምግብ አታብዛ»። በአሥረኛው ቀን አንድም ዓሣ አልቀረም። የስድስት ዓመት ልጁ «ለምን በጀርባቸው ይተኛሉ?» ብላ ስትጠይቀው የሚመልሰው አጣ። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ገዳዩ በዓይን አይታይም።

እኔ የተመረቅኩት በኢኮኖሚክስ እንጂ በባዮሎጂ አይደለም። ግን 54 ሊትር የሚይዝ፣ ተክል የሞላበት ገንዳ የሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ካለ አንድ ዓመት አልፎታል። በዚህ ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር ነገሩ ከጌጥ ይልቅ ለኢኮኖሚ እንደሚቀርብ ነው። ግብዓት አለው፣ ብክነት አለው፣ ማነቆ አለው፣ የሚቆመውም ማንም በማያያቸው ሠራተኞች ነው።

ማንም የማያያቸው ሠራተኞች

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ በትንሽ መጠን እንኳ ዓሣው የሚተነፍስበትን አካል ያቃጥላል። በጤነኛ ገንዳ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን በልቶ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል፤ ለተክሉ ደግሞ ምግቡ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን የፊልተሩ ስፖንጅ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ነው እንግዲህ አራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈጀው። ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ውሃው ይብሰል ስል አፍሉት ማለቴ አይደለም፤ እነዚህ ሠራተኞች ይቀጠሩ ማለቴ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፊልተሩን ሌሊትም ቀንም አታጥፉት። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ፤ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆንና ባክቴሪያው የሚበላው ያገኛል። የቆየ ገንዳ ያለው ጓደኛ ካላችሁ የፊልተሩን ስፖንጅ እናንተ ገንዳ ውስጥ እንዲጨምቅላችሁ ለምኑት፤ ሳምንታት ይቆጥብላችኋል። የውሃ መመርመሪያ ኪት ካገኛችሁ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬቱ ደግሞ መታየት ሲጀምር በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

አምስት ሳምንት ሙሉ ቅጠልና ውሃ ብቻ ሳይ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ውሃ ነው እንዴ የምታረባው?» እያለ ስቆብኛል። መልሱ አዎ ነበር።

ተክሉ ለምን አስፈለገ?

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1850 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ ለንደን ውስጥ በአንድ ዕቃ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን ከውሃ ተክል ጋር አኖረ። የበሰበሰው ቅጠል ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረ። ቀንድ አውጣው ብስባሹን በላ፣ ተክሉ ዓሣው የተነፈሰውን ተጠቅሞ ኦክስጅን ሰጠ፣ ነገሩ ሚዛን ያዘ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ታካሺ አማኖ ይህንኑ ነገር ወደ ጥበብ ቀየረው። በ2015 ሊዝበን ውስጥ የተከፈተው ሥራው 40 ሜትር ርዝመት ያለውና 160,000 ሊትር ውሃ የያዘ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ስለ 54 ሊትር ነው፤ አትደንግጡ።

ተክል አሞኒያውን በቀጥታ ስለሚመገብ ለባክቴሪያው ተጨማሪ ክንድ ይሆነዋል። ለኪስ የሚስማማውን መንገድ ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ ናት፤ መጽሐፏ የወጣው በ1999 ነው። ከሥር 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ተራ አፈር፣ ከላይ በዚያው ልክ አሸዋ። በቃ። ውድ የፋብሪካ አፈር አያስፈልግም።

አፈሩን ስትመርጡ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ ያልገባበት ይሁን፤ አለበለዚያ ገና ከመጀመሪያው አሞኒያ ይሞላባችኋል። ሥሩን፣ ቅጠሉንና ጠጠሩን ነፍታችሁ አውጡ። መረሬ አፈር ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ለዚህ ሥራ አይመችም። የግንባታ አሸዋ ይሆናል፤ ግን የምታጥቡበት ውሃ እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከድንጋዩም ከአሸዋውም ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያከብደዋልና ተዉት። ሬድ አሽ የምንለው ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ለባክቴሪያ ምርጥ ኮንዶሚኒየም ነው።

ለጀማሪ የሚሆኑ ተክሎች አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ቫሊስኔሪያና ሆርንወርት ናቸው። አኑቢያስ የአፍሪካ ልጅ ነው፤ ብዙ ብርሃን አይጠይቅም። እሱንና ጃቫ ፈርንን አፈር ውስጥ አትቅበሯቸው፤ ወፍራሙ ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ በክር እሰሯቸው። ሆርንወርት በፍጥነት ስለሚያድግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናው የውሃ ጠባቂያችሁ እሱ ነው።

ማነቆውን ፈልጉ

ብዙ ሰው አልጌ ሲያይ ይደነግጣል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ መስታወቱ ይሸፈናል፣ ቅጠሉ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ይበቅላል። ከዚያ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል።

እዚህ ጋ አንድ የድሮ ሕግ ይጠቅመናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ሐሳብ ነው፦ የተክልን ዕድገት የሚወስነው የበዛው ግብዓት ሳይሆን ያነሰው ነው። ተክል ብርሃን፣ ካርቦንዳይኦክሳይድና ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ብርሃኑን እጥፍ አድርጋችሁ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ባለበት ከቆመ ተክሉ አንድ ቅጠል አይጨምርም። ትርፍ ብርሃኑን የሚጠቀምበት አልጌ ነው። ፋብሪካው አምስት ማሽን ገዝቶ አንድ ኦፕሬተር ቢኖረው ምርቱ የሚለካው በኦፕሬተሩ እንደሆነው ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ነፃ ነው፤ መብራቱን ቀንሱ። በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት በቂ ነው። 6500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ተራ ኤልኢዲ አምፖል ለእነዚህ ተክሎች ይሆናል። ገንዳውን ፀሐይ በቀጥታ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ካርቦንዳይኦክሳይድ መጨመር የሚፈልግ በፕላስቲክ ጠርሙስ ስኳርና እርሾ አድርጎ በቱቦ ያስገባል፤ ጠላን የሚያፍለቀልቀው ያው ጋዝ ነው። ለመጀመሪያው ገንዳ ግን አያስፈልግም።

ፈረቃው፣ ከፍታውና መብራቱ

የውጭዎቹ ዩቲዩበሮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ፤ እነሱ አዲስ አበባ አይኖሩም።

መጀመሪያ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ ሊገድል የተጨመረ ስለሆነ የእኛንም ሠራተኞች አይምርም። ደግነቱ በፈረቃ የሚኖር ሰው ውሃ ማጠራቀም የሚያስተምረው አያስፈልግም። በሳምንት 10 ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ጀሪካን መቀየር ይበቃል። ክሎሪኑ እንዲተን አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ ሳትከድኑ አንድ ቀን አሳድሩት። የወጣውን ውሃ አትድፉት፤ ለአበባና ለጎመን ማዳበሪያ ነው። ስፖንጁንም የምታጥቡት በዚሁ በወጣው ውሃ እንጂ በቧንቧ አይደለም።

ሁለተኛ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳር ከተሞች በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ውጭ አገር ለተሠራ ገንዳ የተባለውን የዓሣ ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ፤ ቀንሱት። የፊልተሩም አፍ የውሃውን ገጽ እያናወጠ ይፍሰስ። እኔ በስድስት ጉፒ ነው የጀመርኩት፤ ሁሉም ወንዶች። ወንድና ሴት ከቀላቀላችሁ በየወሩ ገደማ ወሊድ ስለሚኖር ስድስቱ ስድስት ሆነው አይቀሩም።

ሦስተኛ መብራት። ተክል ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ክፉው የመብራት መጥፋት የሌሊቱ ነው። ባለፈው ክረምት ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠፋ መብራት የመጣው በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዝቼ አስቀምጬ ስለነበር እሱን ከፈትኩ፤ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ ሸፈንኩ፣ ላዩን ለአየር ተውኩት። ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከ25 ወደ 20 ወርዶ ነበር። በስልክ ባትሪ አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኳቸው። ስድስቱም ከታች ተሰብስበው ጭጭ ብለዋል፤ ግን ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ምግብ አትስጡ፤ መብራት ሲመለስም ቆሞ ያደረውን ፊልተር አለቅልቃችሁ ክፈቱ።

ስንት ያስወጣል?

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ ጽፌ ነገ ሊያረጅ ስለሚችል የብር ዝርዝር አልሰጥም። ከውጭ መምጣት ያለባቸው ግን ማሞቂያውና ፊልተሩ ናቸው። መስታወቱን ሰፈር ያለ የመስታወት ቤት በ6 ሚሊሜትር ይሠራዋል፤ ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ የሌለበት መሆኑን ጠይቁ። ውሃ ሞልታችሁ ሁለት ቀን ውጭ አቆዩት። ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከርታታ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት።

የመብራት ወጪውን አብረን እናስላ። 50 ዋት ማሞቂያ የቀኑን ግማሽ ቢሠራ በወር 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 5 ዋት ፊልተር ሳይጠፋ 3.6፣ 10 ዋት አምፖል በቀን ስምንት ሰዓት 2.4። ድምሩ 24። 3 ተኩል ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 28 ይወስዳል። ማለትም ገንዳው በወር ከምጣዱ በጥቂቱ ያነሰ ይበላል።

ትልቁ ወጪ ግን ሒሳቡ ውስጥ ያልገባው ትዕግሥት ነው። ስድስት ሳምንት መጠበቅ የማይችል ሰው ያንኑ ዓሣ ሁለቴ ሦስቴ ይገዛል።

ሐይቅ የገንዳችሁ ማፍሰሻ አይደለም

አንድ ነገር ላጥብቅ። ተክሉ ሲበዛ ትከረክማላችሁ፤ ዓሣው ሲሰለቻችሁ የሆነ ቦታ ልትወስዱት ታስባላችሁ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣሉት። እምቦጭን አስታውሱ። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ እያሉ በዓለም ዙሪያ አዛመቱት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ዓሣ አጥማጁ ታንኳው አላልፍ አለው፣ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ደከመ። ትምህርት ቤት ሳለን ያጠናነው አንድ ሐሳብ ነበር፦ አንዱ የተደሰተበትን ነገር ዋጋ ሌላው ሲከፍል። ከእምቦጭ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ትርፍ ተክል ፀሐይ ላይ አድርቁትና ቅበሩት፤ ትርፍ ዓሣ ገንዳ ላለው ሰው ስጡ።

ዛሬ መስታወቱን ብታዙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አፈሩንና ተክሉን ብታስገቡ፣ ዓሣ የምትገዙት ከሁለት ወር በኋላ ገደማ ነው። እስከዚያ ሰው መጥቶ «ዓሣው የታለ?» ቢላችሁ ፊልተሩን አሳዩት። ሥራው እዚያ ነው ያለው።