ፈጣን እግር ሁሉ የኳስ እግር አይደለም

ልጅዎን ሰፈር ውስጥ ሮጦ የሚቀድመው የለም? «ይኼማ ኳስ ተጫዋች ነው» ብለው ከመቸኮልዎ በፊት ዩሴን ቦልትን ያስታውሱ። በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ጃማይካዊ፣ ሩጫ ካቆመ በኋላ በ2018 በአንድ የአውስትራሊያ ክለብ የኳስ ሙከራ አድርጎ ነበር። በወዳጅነት ጨዋታ ሁለት ጎል አገባ፤ ውል ሳይፈርም ግን ተለያዩ።

ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨረሰ። የመሀል ሜዳ ተጫዋችም በ90 ደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ርቀቱ ተቀራራቢ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል። ቀነኒሳ እያንዳንዱን ዙር በአማካይ በ63 ሰከንድ፣ ያለ እረፍት ነው የዞረው። ኳስ ተጫዋቹ ይራመዳል፣ ድንገት ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይታጠፋል፤ ያውም ኳሱን እየተቆጣጠረ፣ ለማን እንደሚያቀብል እያሰበ። (ከሶፋ ላይ ሆነን «አቀብል!» ማለት ቀላል ነው።)

ጠረጴዛ ቴኒስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ረጅም ትንፋሽ ሳይሆን የዓይንና የእጅ መግባባት ይፈልጋል። የእኔ ልጅ በትምህርት ቤት ሩጫ መጨረሻ ወጥቶ «ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ጫማውን አልጋ ሥር ወርውሮ ነበር። አጎቱ ቤት ራኬት ሲይዝ ግን ሁላችንንም በተራ አሸነፈን። እንደ እኔ ከሆነ፣ እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ልጅን በአንድ ስፖርት ማሰር አያስፈልግም። ይሞክር። የእኛው አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቀስቃሽ አይፈልግም፤ እኛን የሚቀሰቅሰን እሱ ነው።